ክታብ አስሮ ክትባት መፍራት

አጎቴ ሁለት ላምና አራት ጥጃ አሏቸው። ሲያወሩ ለሰማቸው ግን የቦረናን ሜዳ የሚነዱ ይመስላሉ። «ከብቶቼ» የሚለውን ቃል ጀምረው ሳይጨርሱ ከብቱ ተቆጥሮ ያልቃል። የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። እዚያ አገር ብርዱ ከንፈር ስለሚያደርቅ ሰዉ አፉን ለማሟሟቅ ሲል ብቻ የሚተርብ ይመስለኛል።

ለዳግማይ ትንሣኤ ልጠይቃቸው ሄጄ ገና ከበረቱ ደጃፍ ስደርስ ዓይኔ ቡሬ ላይ አረፈ። ቡሬ ስምንት ወር የሞላት እንስት ጥጃ ናት፤ ወዟ ፊት ያሳያል። አንገቷ ላይ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለዓይን ነው። የሰው ዓይን ከጅብ ይብሳል።»

«ለደብተራው ስንት ከፈሉ?»

«አንድ ዶሮ፣ አንድ ጠርሙስ አረቄና የማልነግርህ ብር።»

«የቀበሌዋ ሐኪምስ ለክትባት ስንት አለችዎ?»

«ምን ትላለች! ላንዱ ጥጃ የአንድ ቢራ እንኳን አይሞላም።»

«ታዲያ ለምን እምቢ አሉ?»

«ርካሽ ነገር አልወድም።»

በነገራችን ላይ ክታብና ክትባት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው «ከተበ» ናት፤ ጻፈ ማለት። አንዱ ብራና ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ከቆዳ ሥር። ይህንን ስነግራቸው አጎቴ ደስ አላቸው፤ ዘመድ ከዘመድ ያስታረቅሁ መስሏቸው።

«ሁለቱም ጽሕፈት ከሆኑ አንዱ አይበቃም?»

«ልዩነቱ አንባቢው ላይ ነው ጋሼ። በሽታው ፊደል አልቆጠረም።»

«ታዲያ ብልቃጧ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ነው እንዴ የሚያነበው?»

«በሽታውማ ምንም አያነብም። አንባቢዋ ቡሬ ናት። ሌባ ጥሎት የሸሸውን ጫማ ለውሻ አሽትተው አያውቁም? ክትባት እሱ ነው። የሞተውን ወይም ጉልበቱ የተሰለበውን ተውሳክ ቀድመው ያሸትቷታል፤ ዋናው ሌባ ሲመጣ ደሟ ሽታውን ያውቀዋል።»

«የኔ ውሻ ጫማውን በላው።»

እንግዲህ ጨዋታው በዚህ ተጀመረ።

ሐኪሟ የምትከትበው አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ለሚባሉት የከብት በሽታዎች ነው። በዚህ አገር ስሙ በ«አባ» የሚጀምር ነገር ቀልድ አያውቅም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ፤ ሁሉም በፈረስ ስማቸው ተፈርተው ኖረዋል። አባ ጎርባ ግን ፈረስ አያስፈልገውም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲጥል ከሣር ጋር ራሷ ጥጃዋ ታነሣዋለች።

«አያቶቻችን ያለ መርፌ ነው ከብት ያረቡት» አሉ አጎቴ፣ ክርክሩን የዘጉ መስሏቸው።

«አዎ፤ እስከ 1880 ዓ.ም.።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከብት የለም።»

አጎቴ ዝም አሉ፤ ክፉ ቀንን ከአያታቸው አፍ የሰሙ ሰው ናቸው። ጣልያን ምጽዋ ላይ ለሠራዊቱ ከህንድ ባስመጣቸው ከብቶች ተሳፍሮ የገባው በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል ጠረገ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ምድሩ ጦም አደረ፣ ረሃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ምኒልክ ሰው እንዲበረታ ብለው ዶማ ጨብጠው በእጃቸው ቆፈሩ ይባላል።

«አባ ዳኘው በሬ ሲጠፋ ዶማ ጨበጡ። እርስዎ ምን ሊጨብጡ ነው?»

«በትሬን።»

«ምን ሊነዱበት?»

መልስ የለም። ይቺን ለእኔ መዝግቡልኝ።

የዚያ በሽታ ስም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «ደስታ» ነው። ወገኖቻችን ክፉን ነገር በክፉ ስሙ ጠርተው ላለማስቆጣት ሲሉ በሬያቸውን ለገደለው እንዲህ ያለ ስም ያወጡለት ይመስለኛል። ኬንያ ውስጥ ዎልተር ፕላውራይት የሚባል የእንስሳት ሐኪም አስተማማኝ ክትባት ሠራለት። በኋላም ሙቀት የማይበግረው ዓይነት ሲመጣ፣ የበረዶ ሳጥን በማይደርስበት በአፋር በረሃ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው የገዛ ከብታቸውን ከተቡ። በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1987 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የተነቀለ ሁለተኛው በሽታ መሆኑ ታወጀ። ደስታ ከዓለም ጠፋ ተብሎ ዓለም ተደሰተ። እንዲህ ያለ ዜና በአማርኛ ካልሆነ በምን ቋንቋ ይነገራል?

«እሱማ ያኔ መንግሥት እየነዳ ከትቦን ነው» አሉ አጎቴ። «ማን ጠይቆን!»

«አሁን ስለተጠየቁ ነው እምቢ ያሉት?»

«የተጠየቀ ሰው እምቢ ካላለ መጠየቁ ለምን ይጠቅመዋል?»

ይቺ ደግሞ ለእሳቸው ትመዝገብ።

ቀጥለው ቡሬን በትራቸው እየጠቆሙ «እስቲ እያት። ይቺ መርፌ የሚያስፈልጋት ናት? ጠግባ ታድራለች፣ ቆዳዋ ያብረቀርቃል» አሉ። ከብት ያረባ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ጤነኛና ወፍራም ጥጃ ክትባት አያሻውም ብለን እናስባለን፤ መድኃኒት የከሲታ ነገር ይመስለናል። አባ ጎርባ ግን ተቃራኒውን ያስባል። የሚወደው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለውን ነው፤ ከእነዚያም ውስጥ ያማረውንና የጠገበውን ይመርጣል። ጠዋት ጥጃዋ ታነክሳለች። ጭኗ ወይም ትከሻዋ ያብጣል፤ ሲነኩት ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ሐኪም እስኪጠራ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልቋል።

«ልክ እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው ጋሼ። የከሲታን በር አያንኳኳም።»

«እንግዲያው ላክሳታ!»

«እሱም አንድ መላ ነው። ግን የዘንድሮን የመኖ ዋጋ ሲያዩት እሷ ሳትከሳ እርስዎ ይቀድሟታል።»

ሳቁና ወደ ዋናው ምሽጋቸው ገቡ። «ስማኝ፤ ይሄ ክትባት የባለ እርባታ ነገር ነው። በአገሩ ወደ 70 ሚሊዮን ከብት አለ ሲሉ በራዲዮ ሰምቻለሁ። ከ70 ሚሊዮን ላይ የኔ አራት ጥጃ ምን ያህል ነው?»

«ከ70 ሚሊዮኑ ምንም አይደለም። ከእርስዎ በረት ግን አንዷ ሩብ ናት። አራት መቶ ጥጃ ያለው ሰው አንድ ሲሞትበት መዝገብ ላይ ይጽፋል። እርስዎ አንድ ሲሞትብዎ ለቅሶ ይቀመጣሉ።»

«ለጥጃ ለቅሶ አይቀመጡም።»

ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ ከጓዳ ድምፃቸውን ላኩ፦ «አምና ዳልቻ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ማን ነበር እህል አልቀምስም ያለው?»

አጎቴ ነገሩን ወደ ሥጋ አዞሩት። «ቢሞትም ምን ይሆናል? ሳይቀዘቅዝ አርደን ቅርጫ እናደርገዋለን።»

እዚህ ላይ ተረቤን ኪሴ ከተትኩ። አባ ሰንጋ ሲሆን ነገሩ የቀልድ አይደለም። ከብቱ በድንገት ይወድቃል፤ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወርዳል፤ ሬሳው ቶሎ ይነፋል። እንዲህ ያለውን የከፈተ ቢላዋ የመንደሩን አፈር ጭምር ከፈተ ማለት ነው፤ ተውሳኩ አየር ሲያገኝ ጠጣር ሽፋን ለብሶ አፈር ውስጥ አሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። የገፈፈው ሰው እጁ ላይ ጥቁር ቁስል ያወጣል፤ የበላው ሰው ደግሞ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አይታረድም፣ አይገፈፍም፤ ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

«ጥሬውን ማን ይበላል! በበርበሬ ይጠበሳል» አሉ አጎቴ፣ ድምፃቸው ግን ቀነስ ብሏል።

«ግማሽ ምዕተ ዓመት አፈር ውስጥ የተኛ ነገር በርበሬ ይፈራል?»

እትዬ በዚህ መሐል በሳህን እንገር ይዘው ብቅ አሉ። ሁለተኛዋ ላም ትናንት ጠዋት ወልዳለች፤ ቤቱ «እምቦሳ እሰሩ» በሚል ጎረቤት ተሞልቶ ነው ያደረው። እንገሩ በቅቤ በስሎ ረግቷል፤ ሽታው ብቻ ያስታርቃል።

«እትዬ፣ ይሄ የመቼ ነው?»

«የመጀመሪያው ነዋ! ወፍራሙ።»

«እምቦሳዋስ ምን ጠባች?»

«ማታ የተረፈውን።»

እውነቱን ልናገር፣ በልቻለሁ። እየበላሁ ግን አስረዳሁ፤ አዲስ አበቤ አፉ ሞልቶ ሲያስተምር የታወቀ ነው። የላም ማህፀን የእናቲቱን መከላከያ ለጽንሷ አያሳልፍም። እምቦሳ ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ባዶ እጁን ነው፤ ስንቁ ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት የጠባው ወደ ደሙ ይገባል፤ ቀን ሲሞላው ግን የአንጀቱ በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እንገር ምግብ ይሆናል እንጂ ጋሻ መሆኑ ያበቃል። ሃያ አምስት ኪሎ የምትመዝን እምቦሳ በእነዚያ ሰዓታት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ብትጠባ ነው ደግ የሚሆነው።

እትዬ ሳህኑን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። «ኧረ አንተ ሰውዬ! የሕፃኗን ክትባት በቅቤ በላኸው ማለት ነው!»

«አንቺ አይደለሽ ያበሰልሽው?»

«አንተ አይደለህ ‹ለእንግዳው› ያልከው?»

እንግዳው አንገቴን ደፍቼ ሳህኑን ጨረስኩ።

ነገሩ ግን ሌላ ጎን አለው፤ እሱንም ሳልደብቅ ተናገርኩት። እናቲቱ ተከትባ ከሆነና እምቦሳዋ ደህና አድርጋ ከጠባች፣ ያ የእናት ስንቅ ደሟ ውስጥ እስካለ ድረስ ለእሷ የሚሰጠውን ክትባት ራሱ ያከሽፈዋል። ዘበኛዋ እናት በር ላይ ቆማ መምህሩን እንደ ሌባ ትመልሰዋለች። ስለዚህ ለአራስ ጥጃ አይቸኮልም፤ እንደ ክትባቱ ዓይነት ሦስት ወር፣ አራት ወር፣ ለአንዳንዱም ስድስት ወር ይጠበቃል።

«እንግዲያው እምቦሳዋ ዘንድሮ አትከተብም?»

«ለጊዜው ትቆይ።»

አጎቴ ጭብጨባ ሲቀራቸው፦ «አየህ! ቅድም በነገርከኝ ሒሳብ ሩቡን አሸንፌሃለሁ!»

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሐኪሟ ራሷ መጣች። ገና ወጣት ናት፣ የበረዶ ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታለች። አጎቴ የሰው ተከራካሪ ሲጨመር ይበረታሉ።

«ነይ አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ። ማዶ ያለው ጎረቤቴ በሬውን ባስከተበ በሳምንቱ ቀበረው። አስከትቦ ከመቅበር ሳያስከትቡ መቅበር አይረክስም?»

የሚከራከር ሰው ከዚህ ይጀምራል፤ እሷ ግን አልተከራከረችም። «ልክ ነው አባባ፣ ሞቷል» አለች። «እኔም ከትቤዋለሁ። ሐምሌ ላይ፣ አጠገቡ ሁለት ከሞቱ በኋላ ነበር የተጠራሁት። በሽታው ቀድሞ ገብቷል፤ ክትባቱ ደግሞ ሥራ ለመጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ ሆንኩ። አሁን በሚያዝያ የመጣሁት ለዚያ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ።»

«ጉርብርብስ? የተከተበች ላም ገላዋ ሁሉ እንደ ባቄላ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እዚህም ላይ ሽሽት የለም። የቆዳ ጉርብርብ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 በጣና ሐይቅ አካባቢ ነው፤ የሚናከስ ዝንብ ያዛምተዋል። ለረጅም ጊዜ ይሰጡ ከነበሩት ክትባቶች አንዱ እምብዛም አይከላከልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ እዚሁ አገር የተሠራ ጥናት ሦስት ዓይነት አወዳድሮ ከፍየል ፈንጣጣ የተሠራው ከሁለቱ በልጦ አገኘው። «ስለዚህ» አለች ሐኪሟ፣ «ያዩት ነገር ውሸት አይደለም አባባ። ክትባት ሁሉ እኩል አይደለም።»

አጎቴ ደነገጡ። ለጠብ የተዘጋጀ ሰው ሲያምኑለት እጁን የሚያደርግበት ያጣል።

ትንሽ ቆይተው ግን ተነሡ። «ሳጥንሽ ውስጥ በረዶ አለ?»

«ይክፈቱና ይዩ። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ መሆን አለበት።»

«በመርፌ አንዱን ወግተሽ በዚያው ሌላውን የምትወጊ ከሆነስ?»

«ደም ከደም ማገናኘት ነው፤ አላደርገውም። መርፌ እቀይራለሁ።»

«የታመመና የከሳ ጥጃ ቢኖረኝስ?»

«አልከትበውም። መጀመሪያ ይዳን፣ የሆድ ትሉም ይታይ። ደግሞ እርስዎ ራስዎ ከገበያ እየገዙ የሚወጉት ቴራማይሲን እንዳለ አውቃለሁ። የአባ ሰንጋው ክትባት ሕያው ነው፤ በዚያ ሰሞን መድኃኒቱን ከወጓት የከተብኩትን መልሰው ይገድሉብኛል።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «ይቺ ልጅ በረቴን ትሰልላለች» አሉ። ደስ ያላቸው ግን ከዓይናቸው ይታያል። አንተ ሳትሆን እሷ ነበረች ልታናግረኝ የሚገባት፣ የሚል ዓይን። በበኩሌ የተስማማሁበት ነጥብ ነው፤ እኔ ክፉ ቀን ድረስ ወስጃቸው ስለ መርፌው ግን አልጠየቅኳቸውም። ሰው የሚፈራው ብዙ ጊዜ እጅ ነው፤ ክትባቱን የያዘውን እጅ።

ምን ምን ይከተብ የሚለው ብዙ አላከራከረም። ሐኪሟ ሁሉንም አልጫነችባቸውም። አባ ጎርባና አባ ሰንጋ በየዓመቱ፤ ጎሮርሳም ክረምት ሲመጣ በዚህ አካባቢ ስለሚነሣ አብሮ። አፍተ እግርን በተመለከተ «የፈረንጅ ላም ቢኖርዎ እንነጋገር ነበር» አለች። እሱ ዘሩ ብዙ ነው፣ ለአንዱ የተከተበ ለሌላው አይጠቅመውም፣ የሚቆየውም ለወራት ነው። አጎቴ የፈረንጅ ላም ስለሌላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተደሰቱ።

ችግር የመጣው ከብልቃጡ ነው። ብልቃጡ መቶ ዶዝ ይዟል፤ አንዴ ከተከፈተ ለነገ አያድርም።

«ለሦስት ጥጃና ለሁለት ላም መቶ ዶዝ ልትከፍቺ ነው?»

«አልከፍትማ። ከብት ይሰብስቡልኝ።»

«እኔ?»

«አገሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

አያችሁ፣ ጥቂት ከብት ያለው ሰው ብቻውን ሊወስን የማይችለው ለዚህ ነው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ማምረት ከጀመረ ስልሳ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ብልቃጡ ግን ዛሬም የአጎቴን በረት አስቦ አይሞላም። አምስት ከብት ያለው ሰው የጎረቤቱን አምስት ካላመጣ፣ ጎረቤቱም የጎረቤቱን ካላመጣ፣ ብልቃጡ ሳይከፈት ይመለሳል። ስለዚህ ሲተርበኝ የዋለው ሰው ማታውን ከዘራውን ይዞ ወጣ። ከበሩ እስከ ወንዙ ያለውን ቤት ሁሉ አዳረሱት። በመጨረሻው ቤት ስደርስባቸው፣ ጥጃዋ ላይ ክታብ አይተው ባለቤቱን እንዲህ ሲሉት ሰማሁ፦

«ክታብ አስረህ ክትባት ትፈራለህ? በሽታው ፊደል ቆጥሯል እንዴ?»

ተሰርቄ እንደማላውቅ ተሰረቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከብቱ መከተቢያው ክራሽ ዙሪያ ሞላ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ የከብቱ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይወጣል። የቡሬ ተራ ሲደርስ ሐኪሟ አንገቷን ያዘችና ቆመች። መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ ያ ቀይ ክታብ ተንጠልጥሏል።

«አባባ፣ ይሄን ልፍታው?»

«እንዳትነኪው! ገፋ አድርገሽ ውጊ። አብረው ይሥሩ።»

«እሺ። ብትድን ግን ማን አዳናት ሊሉ ነው?»

«ክታቡ ነዋ፤ ዶሮ ከፍዬበታለሁ።»

«ብትሞትስ?»

አጎቴ የቡሬን ጆሮ ጠበቅ አድርገው ያዙላትና «ብትሞትማ» አሉ፣ «ያንቺ ናት!»